የዋይፋይ ቻናል ነገር፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ለምንኖር

ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እነዚህ ከአዲስ አበባ ዳር ያሉ ሳይቶች ላይ የሚኖር ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ሲሄድ ዋይፋዩ ይከንፋል፣ ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ግን አንድ ቪዲዮ ለመክፈት ያቺ ክብ ነገር ስትሽከረከር ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ወዲያው የሚወቀሰው መስመሩ ነው፣ ሰው ፓኬጅ ያሳድጋል፣ ብር ይጨምራል፣ ለውጥ የለም። መስመሩም ማታ ሊጨናነቅ ይችላል እሱን አልክድም፣ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከራውተሩ እስከ ስልካችን ባለችው አምስት ስድስት ሜትር አየር ላይ ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፣ ማታ ሲንቀራፈፍ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኩትና ሞክሩት፣ በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተጎተተ መስመሩ ደህና ነው፣ የተጨናነቀው አየሩ ነው።

አየር ይጨናነቃል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከራዲዮ ብንጀምር ይሻላል። ኤፍኤም 97.1 ስንል ሞገዱ በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፣ 97.1 ሜጋኸርዝ። ሸገር 102.1 ላይ ነው፣ ፋና 98.1 ላይ፣ እያንዳንዱ የተፈቀደለት ቁጥር አለው ሌላ ሰው እዛ ላይ መጥቶ አያወራም። ዋይፋይም ያው ራዲዮ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ በብዛት የምንጠቀምበት ከ2,400 እስከ 2,483.5 ሜጋኸርዝ ያለው ቦታ ነው፣ በአጭሩ 2.4 ጊጋ የሚባለው። ልዩነቱ እዚህ ቦታ ላይ ፈቃድ አያስፈልግም። በ1985 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ማይክሮዌቭ ምድጃና መሰል ዕቃዎች የሚሠሩበትን ባንድ፣ ማለትም ያን የሞገድ ቁጥር ክልል፣ ያለ ፈቃድ ለመገናኛም እንዲውል ከፈተው፣ 802.11 የሚባለው የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ በ1997 ወጣ፣ ከዛ በኋላ ዓለም ሁሉ እዚሁ ላይ ሰፈረ። እኛ አገር ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በ2019 እ.ኤ.አ. በአዋጅ 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ የሞባይል ኩባንያዎችም ማሠራጫዎቻቸውን የሚተክሉት በተሰጣቸው ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ለቤት ራውተር ግን ማንም ፈቃድ አምጣ አይልም። ነፃ የሆነ ነገር ደግሞ ይጣበባል።

እሺ ይሄ 2.4 ጊጋ የሚባለው ቦታ በቻናል የተከፋፈለ ነው፣ ከ1 እስከ 13። ጃፓን ውስጥ ብቻ ለድሮው ስታንዳርድ 14 ነበረች እሷን እንተዋት። ቻናል 1 መሃሉ 2,412 ላይ ነው፣ ቻናል 2 በ2,417፣ እንዲህ በየ5 ሜጋኸርዙ እያለ ቻናል 13 ላይ 2,472 ይደርሳል። ሰው 13 ቻናል ሲያይ 13 የተለያየ ቦታ ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ዋይፋይ ሲሠራ የሚይዘው ስፋት ወደ 20 ሜጋኸርዝ ነው፣ ቁጥሮቹ ግን የተተከሉት በየ5ቱ ነው። መሬት ሸንሽኖ በየ5 ሜትሩ ችካል ተክሎ እያንዳንዱ ሰው ችካሉ ላይ 20 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ልሥራ ቢል ምን ይሆናል፣ ያው ነው። ስለዚህ ሁሉም ዕቃ በሚሠራባቸው ከ1 እስከ 11 ባሉት ውስጥ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ይሄን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይያዝልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቻናል ላይ አምስት ጎረቤት ቢገናኝ ምን ይፈጠራል? ብዙ ሰው ይጋጫሉ ይረባበሻሉ ብሎ ያስባል፣ በእርግጥ የሚሆነው ፈረቃ ነው። የውሃ ፈረቃ የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፣ ቻናሉ ላይ ሌላ የሚያወራ ካለ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ሲያልቅም ወዲያው አይገባም ትንሽ በዕጣ የወጣ ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚሞክረው፣ ሁለት ሰው እኩል እንዳይጀምር። ይሄ ሁሉ በማይክሮ ሰከንድ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ እዛው ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች የማን እንደሆኑ ሳይጠያየቁ፣ ፓስዎርዳቸው ቢለያይም፣ አንድ አየር በተራ ይካፈላሉ። ፍጥነቱ ይቀንሳል ግን ሥርዓት አለው።

ችግሩ የሚብሰው በከፊል ሲደራረቡ ነው። እኔ 6 ላይ ሆኜ ጎረቤቴ 8 ላይ ቢሆን የሱን ሞገድ ግማሹን እሰማዋለሁ፣ ግን ቋንቋ ሆኖ አይደለም የምሰማው፣ እንደ ጫጫታ ነው። ንግግሩ ስለማይነበብ ተራ መጠበቁ እንደ ድሮው አይሠራም፣ በላዩ ላይ ይናገራል፣ የተላከው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይበላሻል። ለዚህ ነው 1ም 6ም 11ም ተይዘዋል ባዶ የሆነችው 3 ናት ብሎ 3 ላይ መግባት ስህተት የሚሆነው፣ ባዶ መስላ የ1ንም የ6ንም ጫጫታ ነው የምትሰማው፣ እሷም ለሁለቱም ጫጫታ ትሆናለች። ከሦስቱ ሲግናሉ ደከም ያለ ጎረቤት ያለበትን መርጦ ፈረቃ መግባት ይሻላል። ባዶ ቦታ እያለ ሰው ያለበት ምረጡ ማለት ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ሌላው ስፋቱን 40 ሜጋኸርዝ ማድረግ ነው። ራውተር ሴቲንግ ውስጥ 20/40 ወይ 40 የሚል አለ፣ ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ ይመርጠዋል። 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ባለው ቦታ ላይ 40 መያዝ ማለት ሰፈሩን ግማሽ ማጠር ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለራስም አይጠቅም፣ ብዙ ስለሚሰማ ብዙ ይጠብቃል። በ2.4 ላይ 20 አድርጉት።

ደግሞ እኛ ጋ የተለየ ነገር አለ፣ መብራት። አብዛኛው ራውተር ቻናሉ አውቶ ላይ ነው የሚመጣው፣ ብዙዎቹ ደግሞ የሚመርጡት ሲነሱ አንዴ ዙሪያውን ቃኝተው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የብሎኩ ራውተር ሁሉ እኩል ይነሳል፣ እኩል ይቃኛል፣ በዛች ሰዓት ማንም ገና ማሰራጨት ስላልጀመረ ለሁሉም አየሩ ባዶ ይመስላል፣ ከዛ ብዙዎቹ አንድ ቻናል ላይ ይከመራሉ፣ እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስም እዛው ሊቆዩ ይችላሉ። ትናንት ጥሩ ነበር ዛሬ ምን ነካው የሚባለው ነገር አንዳንዴ ይሄ ነው። በእጅ ቻናል መወሰን የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ቢያንስ መብራት ከመጣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት።

12 እና 13ትም አሉ፣ እንደ አውሮፓ እዚህም የሚሠሩ ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ግን አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ስልክ ወይ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የተሠራው እስከ 11 እንዲሠራ ነው፣ ራውተሩን 13 ላይ ካደረጋችሁት ስሙ ጭራሽ ላይታየው ይችላል። የሰው ሁሉ ስልክ ዋይፋዩን እያየ የአንዱ ብቻ ካላየ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ፣ ስልኩ አልተበላሸም።

የራሱ የራውተሩ ስምም አየር ይበላል። እያንዳንዱ ራውተር እዚህ አለሁ የሚል አጭር መልእክት በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ያህል ይልካል፣ ማንም ባይጠቀምበትም፣ የሚልከውም በዝግታ ነው የድሮ ዕቃም እንዲሰማው። አንድ ቻናል ላይ ሃያ ስም ካለ ይሄ ብቻውን የሚሰማ ጭነት ነው። ስለዚህ ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ሁለተኛ ስም ካልተጠቀማችሁበት ዝጉት።

ስለ ግድግዳ ትንሽ። የ2.4 ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ብሎኬት ያዳክመዋል ግን ያልፋል፣ ኮንክሪት ሶሌታ ውስጥ ያለው ፌሮ የበለጠ ይይዘዋል፣ ብረትና ቆርቆሮ ይመልሱታል። ከሳይቱ አጠገብ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ውጪ ያለው ራውተር ውስጥ የማይሰማው ለዚህ ነው። ውሃም ሞገድ ይመጥጣል፣ እኛ ደግሞ በፈረቃ ምክንያት በርሜልና ጀሪካን የማይደረድር ቤት የለም፣ ራውተሩን ከበርሜል ጀርባ መሬት ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ጉዳት ነው፣ ከፍ አድርጋችሁ ቤቱ መሃል ስቀሉት። የእንጀራ ምጣድን የሚወቅስ ሰው አለ፣ ምጣድ በ2.4 ጊጋ ሞገድ አይረጭም፣ ቮልቴጅ ጥሎ ራውተሩን ሊያስነሳው ይችል ይሆናል እንጂ። ማይክሮዌቭ ግን እውነት ነው፣ የሚሠራው 2.45 ጊጋ አካባቢ ስለሆነ ምግብ እስኪሞቅ ድረስ አየሩን ይበጠብጠዋል። ብሉቱዝም እዛው ባንድ ላይ ነው፣ እሱ ግን 79 ጠባብ ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1,600 ጊዜ እየዘለለ ስለሚሠራ፣ አዲሶቹም የተያዘውን እየለዩ ስለሚዘሉት ብዙ አያስቸግርም።

የተሻለው መውጫ 5 ጊጋ የሚባለው ሌላው የዋይፋይ ባንድ ነው፣ ራውተራችሁም ስልካችሁም ካለው። እዛ ቻናሎቹ 36፣ 40፣ 44፣ 48 እያሉ ነው የሚሄዱት፣ ቁጥሩ በአራት የሚዘለው ሆን ተብሎ ነው፣ በ20 ስፋት አይነካኩም። ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ያነሰ ነው፣ ለኮንዶሚኒየም ግን ይሄ ጥቅም ነው፣ የጎረቤትም ወደ እናንተ አይመጣም። ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት ላይ ራዳሮችም ስላሉ ራውተሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፣ በመሃል ራዳር ከሰማም ለቆ ይወጣል፣ ስለዚህ 5 ጊጋው ስሙ ዘግይቶ ከመጣ አትደንግጡ። ርካሽ ራውተሮች ብዙ ጊዜ 2.4 ብቻ ናቸው፣ ዕቃ ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ዱዋል ባንድ (2.4ንም 5ንም የሚሠራ ማለት ነው) የሚል ፈልጉ፣ ከአንቴናው ብዛት ይሄ ይበልጣል።

እኛ ብሎክ ላይ፣ ጂ ፕላስ ፎር ነው፣ ስልኬ ላይ ዋይፋይ መቃኛ አፕ ጭኜ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳይ ከሃያ በላይ ስም ቆጠርኩ፣ አብዛኛው 6 ላይ፣ አራት አምስቱ ደግሞ 3፣ 4፣ 8፣ 9 ላይ ተበትነዋል። የብሎኩ የጽዳት ስብሰባ ላይ አነሳሁትና ግራውንድ 1፣ አንደኛ ፎቅ 6፣ ሁለተኛ 11፣ ሦስተኛ እንደገና 1፣ አራተኛ 6 ተባባልን፣ ከላይና ከታች ያለው እንዳይገናኝ። ሁለት ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞርኩ ቀየርኩላቸው፣ አንዲት እናት ቡና ካልጠጣህ አትሄድም ብለው ሦስት ሰዓት ያዙኝ። አሁን ማታ ቪዲዮ ኮል ይሠራል፣ እንደ ቀኑ አይደለም ግን ይሠራል። አራት ቤት ብቻ ቀርተዋል፣ ራውተሩን የገጠመላቸው ሰው የሴቲንጉን ፓስዎርድ ሳይነግራቸው ሄዷል፣ ሪሴት ብናደርገው ደግሞ ኢንተርኔቱ የሚገባበት ዩዘር ኔም አብሮ ይጠፋል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ልክ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ከሰጣቸው ድርጅት ይቀበሉና እንቀጥላለን።