በበርሜል የከረመ ቦክና የጀርመን የላገር ወግ

ቦክ የጀርመኖች ጠንካራ ላገር፣ ማለትም እርሾው ከታች የሚፈላ ቢራ ነው። ዶፕልቦክ ከእርሱ የሚከብደው ሲሆን አይስቦክ ደግሞ ውሃው በከፊል በበረዶ መልክ ወጥቶለት የጠነከረው ነው። ሦስቱም በቀዝቃዛ ቤት ቀስ ብለው ፈልተው ለሳምንታት ይከርማሉ፤ ላገር የሚለው ቃል ራሱ በጀርመንኛ ማከማቸትን የሚያመለክት ነው። ካለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ጠማቂዎች እነዚህን ቢራዎች ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ፣ ሩም ወይም ወይን በነበረበት የኦክ በርሜል ማስከረም ጀምረዋል። እንዲህ ያለው ቢራ አሁንም የባህላዊው ላገር ወገን ነው ወይ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም። ብዙ ተከራካሪ የሚስተው ነገር አለ፤ የጀርመን ላገር ለዘመናት የኖረው በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው፣ የእንጨት ጣዕም ግን አልነበረውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአይንቤክ እስከ ሙኒክ

የቦክ ዘር የሚመዘዘው ከታችኛው ሳክሶኒ ከተማ ከአይንቤክ ነው። የከተማዋ ቢራ ሽያጭ የሰፈረበት ደረሰኝ ከ1378 ጀምሮ ይገኛል። በበርሜል ተጭኖ ሩቅ አገር ድረስ ይሸጥ የነበረው ይህ ቢራ ከገብስና ከስንዴ ብቅል የተጠመቀ ነበር፤ አብዛኞቹ አጥኚዎች እንደሚሉትም እርሾው ከላይ የሚፈላ ነበር። ስለዚህ የቦክ ቅድመ አያት ላገር አልነበረም ማለት ነው። ስለ ወግ የሚከራከር ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

የባቫርያ መሳፍንት ይህን ቢራ በውድ ከመግዛት ብለው በ1589 ሙኒክ ላይ ሆፍብሮይሃውስን አቋቋሙ። በ1614 ገደማ ደግሞ ኤልያስ ፒህለር የተባለ የአይንቤክ ጠማቂ መጥቶ ሥራውን በሙኒክ ብቅልና ውሃ ጀመረ። የሙኒክ ሰው አፍ የአይንቤክን ስም «አይንፖክ»፣ ቀጥሎም «አይን ቦክ» አደረገው፤ ትርጉሙ «አንድ አውራ ፍየል» ነው። ዛሬም በብዙ የቦክ ጠርሙስ ላይ ፍየል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶፕልቦክ የሙኒክ ልጅ ነው። በኖይዴክ ኦብ ዴር አው ገዳም የነበሩት የቅዱስ ፍራንቸስኮ ዘፓውላ ተከታዮች ለዐቢይ ጾም የሚሆን ከባድ ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ የጠመቃቸው ወሬ ከ1634 ጀምሮ በሰነድ ይገኛል። አባ ባርናባስ የሚባለው መነኩሴ ከ1773 በኋላ ጠመቃውን በያዘ ጊዜ ቢራው ስሙ ገነነ። ገዳሙ በ1799 ቢዘጋም ፍራንትስ ክሳቨር ሳኸርል በ1806 ቤቱን ተከራይቶ በ1813 የራሱ አደረገው። ዛልቫቶር የተባለው ይኸው ቢራ በ1837 ከንጉሥ ሉድቪግ ቀዳማዊ የመሸጫ ፈቃድ አገኘ። በ1896 ስሙ በሕግ ሲጠበቅ ሌሎቹ የጠመቃ ቤቶች መጨረሻው የሚመሳሰል ስም ፈለጉ፤ ማክሲማቶር፣ ትሪዩምፋቶር፣ ኦፕቲማቶርና ሴሌብራቶር የመጡት ከዚያ ነው። የዛሬው ዛልቫቶር ከመፍላቱ በፊት በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ነገር ከመቶ 18.3 እጅ፣ አልኮሉም 7.9 ከመቶ ነው። ይህን የሟሟ ነገር ጀርመኖች «ሽታምቩርዘ» ይሉታል። ጠንካራ ቢራ ለመባል ቢያንስ 16፣ ለዶፕልቦክ ደግሞ 18 ይጠበቃል።

አይስቦክ በ1890 ገደማ በኩልምባህ አንድ ተለማማጅ በርሜሎቹን ብርድ ላይ ረስቶ በማደሩ ተፈጠረ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ከአፈ ታሪክ የሚለየው ማስረጃ ግን የለውም።

ዝፍት የተለቀለቀ በርሜል

በባቫርያ ጓዳዎች ውስጥ ትልልቆቹ የማስከረሚያ በርሜሎች በርካታ ሺህ ሊትር ይይዙ ነበር። ኦክ ቢሆኑም ቢራው እንጨቱን አይነካም፤ ከጥድና ከመሰሎቹ ዛፎች ሙጫ የተነጠረ ዝፍት በመካከል ነበር። ዝፍቱ እስኪቀጥን በኃይል ይሞቃል፣ በመክፈቻው ይገባል፤ በርሜሉም ሁሉም ጎኑ እስኪዳረስ ይንከባለልና ትርፉ ሳይረጋ ይገለበጣል። የሚቀረው ስስ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ሽፋን ነው። ሲሰነጠቅ አሮጌው በሙቀት ቀልጦ ይወጣና እንደገና ይለቀለቃል። ወፍራም ከሆነ እየተላጠ ቢራው ውስጥ ይወድቃል፤ በደንብ ያልተነጠረ ከሆነ ደግሞ ቢራው ሙጫ ሙጫ ይላል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ሦስት ምክንያት ነበረው። የእንጨት ቀዳዳ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ይደብቃል፤ ያልተለቀለቀ በርሜል ጋዝ ያስወጣል፤ ታኒን የሚባለው የኦክ አፍ አድራቂ ንጥረ ነገርም የብቅሉን ልስላሴ ያሻክራል። የእንግሊዝ በርሜል ሠሪዎች ዝፍት አይጠቀሙም ነበር፣ የቤልጂየም ኮምጣጣ ቢራዎችም ከእንጨቱ ጋር በቀጥታ ይኖራሉ። የባቫርያ ጠማቂ ግን ለንጹሕ ብቅል ሲል ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አደረገ፤ ዓለም የጀርመንን ላገር የወደደውም በዚህ ንጽሕና ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሉሚኒየምና ብረት እንጨትን ተኩ።

ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም። የሙኒኩ ጠማቂ አውግስቲነር በኦክቶበርፌስት በዓል የሚቀዳው «ሂርሽ» ከሚባል 200 ሊትር የእንጨት በርሜል ነው። ከባቫርያ በመጣው በዮሴፍ ግሮል እጅ በ1842 ፒልስነር የሚባለው ፈዛዛ ላገር መጀመሪያ የተጠመቀባት የቦሄሚያዋ ፕልዘን ዛሬም ጥቂት ቢራ በዝፍት በተለቀለቀ ኦክ ታስከርማለች። ባምበርግ ውስጥ ሽሌንከርላ የሚባለው ቤት ደግሞ ኦክን በሌላ መንገድ ያስገባል። «አይኸ» የተባለው ዶፕልቦኩ 8 ከመቶ አልኮል አለው፤ ብቅሉ የሚደርቀውም በኦክ ጭስ ነው። ጋን በወይራ አጥኖ ጠላ ለሚጠነስስ ሰው እንጨት በጭስ በኩል መጠጥ ውስጥ መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንጨትና ጠንካራ ላገር በጀርመን ወግ ተገናኝተዋል ከተባለ በርግጠኝነት የሚጠቀሰው ይህ ጭስ ነው።

የውስኪ በርሜል ሲመጣ

አሁን የምናውቀው በበርሜል ማስከረም አሜሪካዊ ነው። በአሜሪካ ሕግ ቡርቦን ከውስጥ በተቃጠለ አዲስ የኦክ ዕቃ መቆየት ስላለበት አንዴ ያገለገለው 200 ሊትር ያህል የሚይዝ በርሜል በርካሽ ይሸጣል። የቺካጎው ጠማቂ ጉዝ አይላንድ በ1990ዎቹ ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ ጨመረበት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በጀርመን ስማቸው ቶሎ ከሚነሣው አንዱ የኬልሃይሙ ጠማቂ ሽናይደር ነው፤ አቬንቲኑስንና የአይስቦክ ወንድሙን በወይን በርሜል አስከርሟል። አቬንቲኑስ ግን ከላይ የሚፈላ የስንዴ ቦክ ስለሆነ ለላገሩ ክርክር ምስክር አይሆንም።

በዳኞች ዘንድ ነገሩ ቀላል ነው። የአሜሪካው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም በ2021 መመሪያው ዶፕልቦክንና አይስቦክን በ9ኛው ምድብ ያስቀምጣል፤ እንጨት የቀመሰ ቢራ ግን ወደ 33ኛው ይሄዳል። እዚያም የእንጨቱ ጣዕም ብቻ ያለው ከቀድሞው መጠጥ ጣዕም ከወሰደው ተለይቶ ይቀመጣል፤ አቅራቢውም መነሻ ቢራው ምን እንደነበረ እንዲናገር ይጠየቃል። ይህ አከፋፈል ትክክል ነው፤ መነሻው የጀርመን ላገር መሆኑን አይክድም፣ ውጤቱን ግን ራሱን በቻለ ቅርንጫፍ ያኖረዋል።

በሕጉ በኩል ነገሩ ይወሳሰባል። በኢንጎልሽታት ኤፕሪል 23 ቀን 1516 የታወጀው የባቫርያ የቢራ ንጽሕና ደንብ ገብስ፣ ሆፕ (እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው ተክል) እና ውሃ ብቻ ይላል፤ በ1906 ለመላው የጀርመን ግዛት ተዳረሰ። ከታች ለሚፈላ ቢራ ዛሬም የገብስ ብቅል፣ ሆፕ፣ እርሾና ውሃ ነው። በርሜል ዕቃ ነው የሚሉ አሉ፤ እንጨቱ ውስጥ የሰረገው ውስኪ አምስተኛ ግብዓት ነው የሚሉም አሉ። በተግባር ጀርመን ውስጥ በበርሜል የከረመ ቦክ በቢራ ስም ይሸጣል። የኦክ ስንጥር ለጣዕም ብሎ መንከር ግን በዚህ ደንብ ፊት ለመከላከል ያስቸግራል።

አሠራሩና ብልሽቱ

ለ200 ሊትር በርሜል 220 ሊትር ያህል ዶፕልቦክ ይዘጋጃል፤ ትርፉ በትነት የሚጎድለውን ይሞላል። ከብቅሉ ከመቶ 70 እስከ 80 እጁ ሙኒክ ብቅል፣ ቀሪው ፈዛዛው ፒልስነር ብቅል ቢሆን ይበቃል። ሽታምቩርዘው 18 ወይም 19፣ የሆፕ ምሬቱ በዓለም አቀፉ መለኪያ 20 አካባቢ ይሁን። ምሬት ከዚህ ከፍ ካለ የእንጨቱ ታኒን ሲጨመርበት ምላስ ያደርቃል። ስታውት የተቆላ ብቅሉ ይህን ይሸፍንለታል፣ ቦክ ግን መሸፈኛ የለውም።

እርሾው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ሕዋስ ይጨመራል። ፍላቱ በ9 ዲግሪ ይጀምራል፤ ሁለት ሦስተኛው ሲጠናቀቅ ወደ 13 ከፍ ይደረጋል፣ ይህ ቅቤ ቅቤ የሚለውን ጣዕም እርሾው ራሱ እንዲበላው ነው። ቀጥሎ በቀን አንድ ዲግሪ እየተቀነሰ እስከ 0 ወይም 1 ይወርድና ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይከርማል። በርሜል ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ አተላው ዘቅጦ ሲጠል ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ገና ደፍርሶ ከገባ የሞተው እርሾ ወራት ሲቆይ ፈርሶ የሥጋ መረቅ ጣዕም ይሰጣል።

መጠጡ በቅርብ የወጣበት በርሜል ሳይደርቅ በቀናት ውስጥ ቢሞላ ይሻላል። የደረቀውን 80 ዲግሪ በሆነ ውሃ አሳብጦ ማንጠብጠቡ እስኪያቆም መጠበቅ ነው። የጠንካራ መጠጥ በርሜል ውስጥ ድኝ ማቃጠል ክልክል ነው፤ የአልኮሉ ተን ይፈነዳል። ኦክስጅኑ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገፋና በርሜሉ እስከ አፉ ይሞላል፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ቢራው እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ማቆያው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው። ለመቅመስ ክዳኑ አይከፈትም፤ በርሜሉ ግንባር ላይ በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ተበጅቶ በማይዝግ ምስማር ይደፈናል፣ ምስማሩ ሲነቀል ቀጭን ጅረት ወደ ብርጭቆው ይወርዳል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየ15 ቀኑ ይቀመሳል። በትኩስ የቡርቦን በርሜል ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይበቃል፤ አልኮሉ ከ1 እስከ 1.5 ከመቶ ሊጨምር ይችላል። በሁለተኛው ሙሌት የውስኪው ኃይል ይቀንሳል፤ በሦስተኛውና ከዚያ በኋላ በርሜሉ ገለልተኛ ይሆንና ለድሮው ዝፍታም በርሜል ጠባይ ይቀርባል።

የሚያሠጋው ብሬታኖማይሲስ የሚባለው የዱር እርሾ ነው፤ የላገር እርሾ የተወውን ስኳር ሁሉ ይበላል። እንጨት ታጥቦ አይመከንም። በየወሩ የስኳር መለኪያው ይነበብ፤ ንባቡ እየወረደ ከሄደ ወይም ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ከታየ ቢራው ተይዟል። በዚያ ሁኔታ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ጠርሙሱን ማፈንዳት ነው።

ሲወጣ ጋዙ አልቆ የረጋ ይሆናል፤ ከዚያው ብቅል የተጠመቀና በመፍላት ላይ ያለ ቢራ ከንጹሕ የላገር እርሾው ጋር ተጨምሮበት በሊትር 5 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ ይደረጋል። ቫኒላና ኮኮናት ብቅሉን ከዋጡት በርሜል ካልነካው ዶፕልቦክ ከመቶ ከ30 እስከ 50 እጅ ይቀላቀልበት። ድብልቁ የሚወሰነው በብርጭቆ በተለካ ናሙና ነው፤ በመጀመሪያ ጉንጭ የዳቦ ቅርፊት ጣዕም ቀድሞ ኦኩ ከኋላ ሲመጣ መጠኑ ተገኝቷል።