ቬክተር ምንድን ነው? የጦርነት ጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ

በኅዳር 1934 ዓ.ም. የተካሄደውን የጎንደር ውጊያ የጠረጴዛ ጨዋታ ልታደርጉት ነው እንበል። ታሪኩ ራሱ ጨዋታ ይወጣዋል። የጣሊያን ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ኅዳር 12 ወደቀ፣ ኅዳር 18 ደግሞ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ካርታው ተሠርቷል፣ ሕጉም ተጽፏል። የቀረው "ከዚህ ኮረብታ ጀርባ ያለውን ጦር መድፈኛው ያየዋል ወይስ አያየውም?" የሚለውን በሥዕል ማሳየት ነው። ይሄኔ ሁሉም ሰው "በምን ሶፍትዌር ልሥራው?" ይላል። ከዚያ በፊት ግን ሶፍትዌሩ ሥዕሉን በምን መልክ እንደሚያስቀምጥ እወቁ።

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በፒክሰል ነው፤ ፎቶ ማለት ነው። መሶብ ላይ እንዳለ ስፌት፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሥዕሉ ትንንሽ ባለቀለም ነጥቦች ሆኖ ይቀራል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይመከራል፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሥዕል ወደ 590 ፒክሰል ስፋት ይፈልጋል። ከስክሪን ላይ የተቀረጸች ባለ 200 ፒክሰል ሥዕል እዚያ ላይ ስትለጠጥ ቀስቷ ይደበዝዛል፣ ቁጥሯም አይነበብም።

ሁለተኛው ቬክተር ነው። እዚህ የሚቀመጠው ነጥብ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፦ ከዚህ እስከዚያ መስመር፣ ውፍረቱ ይህን ያህል፣ ቀለሙ ይሄ። ኮምፒውተሩ በፈለጋችሁት መጠን እንደገና ይስለዋል። ስታሳድጉት አይበላሽም።

ለእኔ ግን ጥራቱ ዋናው ምክንያት አይደለም። ዋናው ሕጉ ስለሚቀየር ነው። ጓደኞቻችሁ አንድ ምሽት ተጫውተው "ይሄ ሕግ አይሠራም" ካሉ ሥዕሉም ይቀየራል፣ በፎቶ መልክ ያለውን ደግሞ መደምሰስና እንደ አዲስ መሳል ነው፣ በቬክተር ቀስቱን ይዞ ዞር ማድረግ ብቻ ነው። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ከሆነ (ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ምክንያቱም ከአንድ ቤት መሃል እስከ ስድስቱም ጎረቤት ቤት ያለው ርቀት እኩል ነው፤ በአራት ማዕዘን ቤት ግን የሰያፉ 1.41 እጥፍ ይረዝማል) አንዷን ቤት ብቻ ሳሉ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የቬክተር መሳያ ሶፍትዌር ላይ "ክሎን" የሚባል ነገር አለ፤ ቅጂዎቹ ከዋናዋ ጋር ስለሚተሳሰሩ ዋናዋን ስታስተካክሉ ሁሉም አብረው ይስተካከላሉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፋይሉም ኤስቪጂ (ብዙ ሶፍትዌር የሚያውቀው የቬክተር ፋይል ዓይነት) ስለሆነ ሌላ ሶፍትዌርም ይከፍተዋል። እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ምንም እንኳ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያደናግር። ኢሉስትሬተር ጎበዝ ነው፣ ግን በየወሩ በዶላር መክፈል ማን ይችላል? ሊብረኦፊስ ድሮው (Draw) ለቀስትና ለሳጥን ይበቃል። ፓወርፖይንትን ሰው ይንቀዋል እንጂ ቅርጾቹ ቬክተር ናቸው፣ ባለ ስድስት ጎኑም ውስጡ አለ፤ ሥዕሎቻችሁ ጥቂት ከሆኑና እሱን ከለመዳችሁት ሌላ አትፈልጉ። ፎቶሾፕ የሚሠራው በፒክሰል ስለሆነ ለሽፋኑ ተዉት።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፒያሳም ሂዱ አዘዞ፣ የእነሱ ኮምፒውተር የእናንተ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ፎንቱ ውስጡ መግባቱን አረጋግጡ፣ ወይም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ከቀየራችሁት በኋላ ፊደል ማረም ስለማይቻል ያልተቀየረውን ለብቻው አስቀምጡ። በቴሌግራም ከላካችሁም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ ፎቶውን ይጨምቀዋል።

ቀለም ላይም ብዙ አትመኩ። መጽሐፉ በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ መባዛቱ አይቀርም፣ ያኔ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ወታደሮች የሚጠቀሙባቸውን ምልክቶች ውሰዱ፦ ሳጥን ውስጥ ኤክስ እግረኛ፣ አንድ ሰያፍ መስመር ፈረሰኛ፣ ጥቁር ነጥብ መድፈኛ። ጠላትንና ወገንን ደግሞ በቀለም ሳይሆን አንዱን ወገን ባዶ፣ ሌላውን በጥቁር የተሞላ ሳጥን አድርጋችሁ ለዩ፤ በተሞላው ላይ ምልክቱን ነጭ ማድረግ እንዳትረሱ።