«ስካን» ምንድን ነው? ፊደሉን የሚያስሮጠው እሱ አይደለም

ለቤት ወርክሾፕ ደጅ የሚሮጥ የኤልኢዲ ጽሑፍ መሥራት ዛሬ ብርቅ አይደለም። አራት ፒ10 ፓነል (ኤልኢዲ የተደረደረበት ሰሌዳ)፣ አንድ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ)፣ አንድ ፓወር ሰፕላይና ጥቂት ሽቦ ይበቃል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ብየዳ ቤቱም ሞተር ጠቅላዩም በገዛ እጁ ገጣጥሞ ሊሰቅለው ይችላል። ችግሩ ከፓነሉ ጋር የምትመጣው «1/4 ስካን» የምትል ቃል ነች። አንዱ «ፊደሉ የሚሮጥበት ፍጥነት ናት» ይላል። ሌላው «ኃይሉ በአራት ይቀንሳል ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለቱም ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ያስጥላል።

ባለአንድ ቀለም ፒ10 ፓነል በአግድም 32፣ በቁመት 16፣ በድምሩ 512 ኤልኢዲ አለው። (10 የሚለው በመብራቶቹ መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው እንጂ ዋትም አምፔርም አይደለም።) የተለመደውን ፓነል ገልብጦ ላየ ሰው 74ኤችሲ595 የተጻፈባቸው 16 ቺፖች ተሰልፈው ያገኛል። እያንዳንዱ 8 መውጫ አለው፤ በድምሩ 128። መብራቱ 512፣ መውጫው 128 ነው። ስለዚህ መብራቶቹ በአራት ተራ ተከፍለው ይበራሉ፦ መጀመሪያ ረድፍ 1፣ 5፣ 9 እና 13፤ ቀጥሎ 2፣ 6፣ 10 እና 14፤ ከዚያ 3፣ 7፣ 11 እና 15፤ በመጨረሻ 4፣ 8፣ 12 እና 16። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ስካን ማለት ይህ ተራ ነው። ፊደሉ ባለበት ቆሞ ቢቀር እንኳ ተራው አይቆምም።

መስኖ ባለበት የወሎ ቀበሌ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ቦይ፣ አራት ማሳ። የውሃ አባቱ ተራ ያወጣል፤ የአንዱ ማሳ አፍ ሲከፈት የሦስቱ ይደፈናል። በአንድ ጊዜ የሚጠጣው አንዱ ብቻ ነው፤ ሆኖም አራቱም ለምልመው ይታያሉ። በፓነሉ ላይ ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለት ሽቦዎች የውሃ አባቱን ትእዛዝ ያደርሳሉ፤ 74ኤችሲ138 ትእዛዙን ይፈታል፤ 4953 የሚባለው ቺፕ የማሳውን አፍ ይከፍታል። ልዩነቱ እርጥበቱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በማሳ አፈሩ ይይዛል። ኤልኢዲው ግን ምንም አይዝም፤ ተራው ሲያልፍ ወዲያው ይጠፋል። የሚይዘው የተመልካቹ ዓይን ነው፤ እሱም ቶሎ የሚደርቅ አፈር ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት። ዲኤምዲ ከሚባለው የአርዱዊኖ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ጋር የሚመጣው ምሳሌ ኮድ ታይመሩ ላይ 5000 ይጽፋል። ይህ በማይክሮሰከንድ ነው፤ በየ5 ሚሊሰከንዱ አንድ ተራ ማለት ነው። አራቱ ተራ በ20 ሚሊሰከንድ ያልቃል፤ በሰከንድ 50 ዙር ይሆናል። «ስካን ፍጥነት ነው» ያለው ሰው ጽሑፉን ለማዘግየት ይህን ቁጥር 20000 ያደርገዋል። ዙሩ 80 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በሰከንድ 12 ተኩል ዙር ብቻ። ጽሑፉ ሩጫውን አይቀንስም፤ መላ ሰሌዳው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይወጋል። ማሳው ተራው እስኪደርስ ደረቀ። የሩጫው ፍጥነት ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያው ምሳሌ ውስጥ 30 የሚለው ሚሊሰከንድ፣ ጽሑፉ አንድ ነጥብ ወደ ግራ ለመጓዝ የሚጠብቀው ጊዜ ነው። በ30 ከሆነ በሰከንድ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አራት ፓነል ማለትም 1.28 ሜትር ለማቋረጥ 3.84 ሰከንድ ይፈጅበታል። ለአላፊ አግዳሚ ቸኮለ ከተባለ 30ውን 45 ማድረግ ነው። 5000ውን መንካት ካስፈለገ ደግሞ ወደ ታች ብቻ፤ 1000 ቢሆን በሰከንድ 250 ዙር ይሰጣል።

ይህን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ከስልክ ካሜራ ጋርም ያስታርቃል። በስልክ ሲቀረጽ ጥቁር መስመር የሚያሳይ ፓነል ጤነኛ ነው። ካሜራው አራቱን ተራ ሳይጨርስ ፎቶውን ስለሚዘጋ የደረሰበትን ማሳ ብቻ ያያል። በዚህ ምክንያት ፓነል ወደ ሱቅ የሚመልስ ሰው ሻጩን ይበድላል።

ኃይሉን በሚመለከት «1/4 ስለሆነ የስልክ ቻርጀር ይበቃዋል» የሚለው ክርክር በጣም አጥብቆ መመለስ ያለበት ነው። አይበቃውም። ማሳዎቹ ተራ ስለያዙ ቦዩ አይጠብም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ማሳ የሚያገኘው ጊዜ አጭር ስለሆነ በዚያች ጊዜ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። በቁጥር፦ ሁሉም ሲበራ በማንኛዋም ቅጽበት 128 ኤልኢዲ ላይ ናቸው። አንዱ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ 2.56 አምፔር ነው፤ ይህ ከተራ ክፍፍሉ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ለአንድ ፓነል 4 አምፔር ይያዝ፤ ለአራቱ 16። በገበያ የተለመደው 5 ቮልት 40 አምፔር ሰፕላይ ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። በቻርጀር ሲሞከር ቮልቱ ይወርዳል፤ አርዱዊኖው ይነሳል ይወድቃል፤ ፊደሉ ይበታተናል። ሽቦም ያስፈልጋል፦ 12 አምፔር በባለ2.5 ሽቦ 3 ሜትር ርቆ ሲሄድ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ግማሽ ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል። ሰፕላዩ ከፓነሉ ኋላ ይሁን፤ ለየፓነሉ የራሱ ሽቦ ይሂድ። ጠፍጣፋው የዳታ ገመድ ኃይል ማሻገሪያ አይደለም። የአርዱዊኖውና የሰፕላዩ ኔጌቲቭ መገናኘቱ አይዘንጋ። ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ እርጥበት ስለሚያስገባ የፓነሉ መጋጠሚያ በሲሊኮን ይዘጋ፤ የሰፕላዩ መተንፈሻ ግን አይደፈን።

ስካንን የተረዳ ሰው ብልሽቱንም ከሩቅ ያነባል። በየአራት ረድፉ አንድ ጥቁር መስመር ካለ የዚያ ተራ 4953 ሞቷል። ከአራቱ ተራ ሁለቱ ጠፍተው በቀሩት ላይ ፊደሉ ከተደራረበ አብዛኛውን ጊዜ የኤ ወይም የቢ ሽቦ ላልቷል። 8 በ4 የሆነች ጥቁር ጡብ ከታየች አንድ 595 ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም አብሮ ከጠፋ ዳታው እዚያ ቺፕ ላይ ተቆርጧል። አራት ረድፍ ብቻ ደምቀው የቀሩት ካልተንቀሳቀሱ ፕሮግራሙ ቆሟል፤ የውሃ አባቱ እንቅልፍ ወስዶት አንዱ ማሳ እየተጥለቀለቀ ነውና ቶሎ ኃይሉን ማጥፋት ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ ነገር ይከፋል። ላይብረሪው ፊደላችንን ይዞ አይመጣም፤ በ16 ነጥብ ቁመት መሣል የሠሪው ሥራ ነው። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ የሚለየው በአናቱ በሚሰመር መስመር ነው። መስመሩ በአንድ ረድፍ ብቻ ከተሣለና የዚያ ረድፍ ተራ ከሞተ «ሽያጭ» የተጻፈው «ስያጭ» ተብሎ ይነበባል። መስመሩን በረድፍ 1 እና 2 ማወፈር ነው፤ ሁለቱ ረድፎች በተለያየ ተራ ስለሚበሩ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያስነብበዋል።