ፎር ዊል፣ በረዶና ቡቺ፦ ስለ ክረምት የተራራ ጉዞ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ጓደኛሞች ባለፈው ጥር በሁለት መኪና ሆነን ሮኪ ተራሮች ውስጥ አስፋልት ወደሌለው የጫካ መንገድ ወጥተን ነበር። አምስት ሰውና አንድ ውሻ፤ ውሻው ቡቺ ይባላል። በሰላም ተመልሰናል። ግን መንገድ ላይ ስንባባለው ከነበረው ስንቱ ስህተት እንደነበር ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። ቡና ላይ የምሰማውም ያው ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ፎር ዊል ካለህ ምን ትሆናለህ?»

ፎር ዊል፣ ማለትም የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ መድረሱ፣ መኪናውን ለማስነሳትና ዳገት ለማስወጣት ይረዳል፤ ለማቆም ግን የሚጨምረው ነገር የለም። ፍሬን ድሮም በአራቱም ጎማ ላይ ነው። እንዲያውም አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው መኪና ገና ከታች አቅቶት ሲመለስ ፎር ዊል ያለው ያለችግር ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ ይጋፈጣል። ከኋላችን የነበረው ጓደኛችን እንደዚያ ሆነ። ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ እግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መኪናው ግን ቀስ እያለ መንሸራተቱን ቀጠለ። ያቆመው መንገድ ዳር የተቆለለ በረዶ ነው። መውረድ ከመጀመር በፊት አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ነበረበት።

ጎማም አለ። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶ ጎማ ግን ላስቲኩ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የኮሎራዶ ሕግ ተራሮቹን በሚያቋርጠው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ፎር ዊል ያለው መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የሚያስገድደው በከንቱ አይደለም።

«አገር ቤት ጭቃ የነዳ ሰው በረዶ አያቅተውም።»

ለእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። በረዶ የምንለውም ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚበነውን፣ መንገድ ላይ እንደ መስታወት የረጋውንም ነው። ለጎማ ግን ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ጭቃ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው ጭቃውን ወርውሮ አንዳንዴ ከሥር ጠንካራ መሬት ያገኛል። በረዶ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ግን ሥሩን አሙቆ ያቀልጠዋል፣ የቀለጠውም ተመልሶ ይረጋል፣ ከበፊቱ የባሰ ያንሸራትታል። ጎማው መሽከርከር እንደጀመረ እግርን አንስቶ በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ እምቢ ካለ አካፋ። ጥልቅ በረዶ ላይ ጎማውን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ማስተንፈስ እንዳይሰምጥ ይረዳል። ነገር ግን አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት መልሶ መሙላት የግድ ስለሆነ፣ መሙያ ያልያዘ ሰው ባያስተነፍስ ይሻለዋል።

«ገመዱን ከኋላዋ ኳስ ላይ እሰረው።»

በፍጹም! ተጎታች የሚያያዝባት ያቺ የብረት ኳስ በረዶ የያዘውን መኪና በገመድ ለማውጣት ለሚደረግ ድንገተኛ ጉተታ አልተሠራችም። ተሰብራ ስትወረወር ሰው ገድላለች። ገመዱ የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር በተያያዘ መጎተቻ ላይ ነው፤ ሰውም ውሻም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

«ውሻ ፀጉሩ ልብሱ ነው።»

አገር ቤት ውሻ ደጅ ስለሚያድር ይህን የማያምን የለም። ሃስኪ የሚባለው ፀጉረ ወፍራም የብርድ አገር ውሻ ከሆነ እውነት ነው። ቡቺ ግን ፀጉረ አጭር ነው። እንደወረደ ሲቦርቅ አይተን ተታለልን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ እግሩን አንስቶ ቆመ፣ ከዚያ ሌላውን። ጣቶቹ መሀል በረዶው እንደ ሽንብራ ጠጥሮ ነበር። ጎትቶ ማውጣት ፀጉሩን ስለሚነቅል ጓንቴን አውልቄ በእጄ ሙቀት አንድ በአንድ አቀለጥኩለት፤ እሱ እጄን ይልሰኛል። ውሻ ሲንቀጠቀጥ፣ እግሩን ሲያነሳ ወይም አልሄድም ሲል በርዶታል ማለት ነው፤ ወዲያው መኪና ውስጥ ይግባ።

«ሲጠማው በረዶ ይልሳል» የሚሉም አሉ። በረዶ ሰውነቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ጥሙን በደንብ አይቆርጥለትም፤ ውሃ ይያዝለት። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ከራዲያተር የሚያፈስ አንቲፍሪዝ፣ ማለትም የራዲያተሩ ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ ነው። አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ጥቂቱም ኩላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል። ላሰ ብሎ የጠረጠረ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሩጥ።

«ትንሽ አረቄ ያሞቃል።»

የደብረ ብርሃንን ብርድ በአረቄ የቻለ ሁሉ ይህን ይላል። አልኮል ቆዳ ሥር ያለውን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል፤ የሚሰማን ግን ከውስጣችን እየወጣ ያለው ሙቀት ነው። ሻይ በፔርሙስ ይያዝ።

«ከተያዝን ሞተር አስነስተን እንጠብቃለን።»

ቤት ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ በተኛበት የቀረ ሰው ታሪክ ያልሰማ ሐበሻ የለም። የመኪና ጭስ ውስጥ ያለውም ያው ገዳይ ጋዝ፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በረዶ ማርሚታውን ከደፈነው ጋዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ የማርሚታውን አፍ በአካፋ መጥረግ፣ ከዚያ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሳት፣ መስኮትም ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል። መኪናውን ጥሎ በእግር መሄድ አይገባም፤ ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪናን ቶሎ ያያል።

«ስልኬ ላይ ያለው ካርታ መንገዱን ያሳያል።»

መንገዱ መኖሩን እንጂ በክረምት መከፈቱን ላያሳይ ይችላል። ጓኔላ ፓስን የመሰለ የታወቀ መንገድ እንኳ በክረምት ለመኪና ይዘጋል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለመኪና የተፈቀዱ መንገዶችን ከነቀናቸው የሚያሳይ ካርታ በነፃ ያወጣል። ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቤት ለቀረ ሰው መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት ጽፎ መተው ነው። የእኛ ወረቀት እስከ ዛሬ እህቴ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፦ የሁለቱ መኪና ታርጋ፣ የአምስታችን ስም፣ «እስከ 11 ሰዓት ካልደወልን 911 ጥሪ»፣ ከሥሩም በእርሳስ፣ «ቡቺም አብሮን ነው»።