«ከት ማን»፦ ጀግናው የሚደክምበት የዴርዴቭል ክፍል

«ከት ማን» የማርቬል «ዴርዴቭል» ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን ሁለተኛ ክፍል ነው። ኔትፍሊክስ የሲዝኑን 13 ክፍሎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2015 በአንድ ቀን ለቀቃቸው። ሰው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሄድ ሁለተኛው ክፍል ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ሊረሳ ይችል ነበር። አልተረሳም። ስለ ዴርዴቭል የሚያወራ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ክፍል ላይ ይመጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው የኮሪደር ድብድብ ነው። ድብድቡ የሚገርመው ግን ከእሱ በፊት ያለውን ሁሉ ላየ ሰው ነው። ቆርጠው ብቻውን የሚያዩት ሰዎች ግማሹ ነገር ያልፋቸዋል።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ማት መርዶክ በኒውዮርክ ሄልስ ኪችን ሰፈር ያደገ ጠበቃ ነው። በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ታውሯል። በምትኩ መስማቱ፣ ማሽተቱና መዳሰሱ ከሰው ሁሉ በላይ ሆኑ። ቀን ፍርድ ቤት፣ ሌሊት ጭምብል። ገጸ ባህሪውን ስታን ሊ እና ቢል ኤቨረት በ1964 በኮሚክ ላይ ፈጠሩት። በድራማው እሱን ሆኖ የሚጫወተው እንግሊዛዊው ቻርሊ ኮክስ ነው። የዚህን ክፍል ስክሪፕት የጻፈው ድሩ ጎዳርድ ሲሆን ያዘጋጀው ፊል አብርሃም ነው፤ የመጀመሪያውንም ክፍል የሠሩት እነሱው ናቸው። ጎዳርድ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ሲዝኑን የመምራቱ ኃላፊነት በስቲቨን ዲናይት እጅ ገባ።

የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው አንድ ትንሽ ልጅ ከአባቱ መኪና ተነጥቆ ሲወሰድ ነው። ማት ከጣሪያ ላይ ሆኖ የልጁን ጩኸት ይሰማል። ተመልካቹ በሚቀጥለው ክፍል ሄዶ ሲያድነው አያለሁ ብሎ ይጠብቃል። «ከት ማን» ሲጀምር ግን ማት ተደብድቦ፣ ተወግቶ፣ ራሱን ስቶ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተጥሏል። ሊያድን የሄደበት ሌሊት አልፏል፤ እኛም አላየነውም። ልጁ ወጥመድ ነበር። የሩሲያ ወንበዴዎቹ የጠለፉት ጭምብለኛውን ለመሳብ ነው፣ እሱም ሰተት ብሎ ገባላቸው። ልዕለ ጀግናን በሁለተኛው ክፍል በሽንፈት መጀመር ድፍረት ይጠይቃል። ያውም ሽንፈቱን እንኳ ሳያሳዩን።

ገንዳ ውስጥ ያገኘው ሳንቲኖ የሚባል የሰፈር ልጅ ነው። ክሌር ቴምፕል የምትባል ነርስ ቤቷ አስገብታ ታክመዋለች። ክሌርን የምትጫወተው ሮዛሪዮ ዳውሰን ናት፣ የመጀመሪያ ጊዜ የምትታየውም እዚህ ነው። ጭምብሉን ስታነሳ ዓይኖቹ ለብርሃን መልስ አይሰጡም። የሰፈሩን ወንበዴ ሁሉ የሚያርበደብደው ሰው ዓይነ ስውር መሆኑን ያወቀችው በዚህ ነው። ሆስፒታል እንዳትወስደው ይለምናታል። ስሙንም አይነግራትም፣ ስለዚህ እሷ «ማይክ» አለችው። ትንሽ ቆይቶ አየር ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባውን ሲጫነው ትንፋሹ ሊቆም ይደርሳል፤ ክሌር በመርፌ ደረቱን ወግታ አየሩን ታስወጣለታለች። ሶፋ ላይ ተዘርሮ የሚያቃስት ጀግና! በብዙ ድራማ እንዲህ ያለው ቁስል በሚቀጥለው ትዕይንት ተረስቶ ይቀራል። እዚህ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ይከተለዋል።

ከዚያ ክፍሉ ይጨክናል። ከወንበዴዎቹ አንዱ መርማሪ ፖሊስ ነኝ እያለ የሕንፃውን በር ሁሉ ያንኳኳል። ሰውየው ገና ታች ፎቅ ላይ እያለ ማት በሽቶው ለይቶታል። ክሌር በሯን ከፍታ ዋሽታ ትሸኘዋለች፣ ሰውየው ግን አላመናትም። ማት በደረጃው መሃል ባለው ክፍተት የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ለቆ አናቱን ይለዋል። ቀጥሎ ያለው ጣሪያ ላይ ነው፣ ለማየትም ይከብዳል። ማት ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ሰውየውን ያሰቃየዋል፤ ከዓይን በላይ ያለውን ነርቭ በቢላ እንዲወጋ የምትነግረው ደግሞ ክሌር ናት። ነርሷ! ማትም ይህን የሚያደርገው ስለልጁ ብቻ ሳይሆን ስለሚያስደስተው ጭምር እንደሆነ ለሰውየው ይነግረዋል፣ በመጨረሻም ከጣሪያው ወደ ታች ይለቀዋል። ክሌር በኋላ «ያስደስተኛል ያልከውን አላመንኩህም» ዓይነት ነገር ትለዋለች። እኔ ግማሹን አምኜዋለሁ። ድራማው ሦስት ሲዝን ሙሉ የሚያላምጠው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ሰው የሚማታው ለፍትህ ነው ወይስ መማታት ስለሚወድ፣ ግልጥ ብሎ የወጣው እዚህ ጣሪያ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ታሪኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ አባቱን ያሳየናል። ጃክ መርዶክ ከማሸነፍ ይልቅ መሸነፍ የሚቀናው ቦክሰኛ ነው። ብዙ ይመታል፣ ብዙም ይወድቃል፣ ግን ይነሳል። ከት ማን የሚባለው በቦክስ ሜዳ ጥግ ላይ ሆኖ በዙሮች መሃል የቦክሰኛውን ፊት ደም የሚያቆመው ባለሙያ ነው። እቤት ያንን ሥራ የሚሠራው ትንሹ ማት ነው፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ አንዲት ጉንጭ መጠጥ ተሰጥቶት የአባቱን ፊት ይሰፋል። ልጅ ቁጭ ብሎ የአባቱን ግንባር በመርፌ ሲሰፋ ማየት አንጀት ይበላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ክሌር ማትን ትሰፋለች። ጎዳርድ ይህን ጮክ ብሎ አይነግረንም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል።

ሮስኮ ስዊኒ የሚባል የወንበዴ አለቃ ጃክን ከክራሸር ክሪል ጋር እንዲጋጠምና በአምስተኛው ዙር እንዲወድቅ ያዘዋል። ጃክ እሺ ይላል። ከዚያ ግን ልጁ የአባቱ ስም ሲጨበጨብለት አንድ ቀን እንዲሰማ ይፈልጋል። ስልክ ደውሎ ገንዘቡን ሁሉ በራሱ ማሸነፍ ላይ ያስይዛል፣ ትርፉም ለልጁ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ ያሸንፋል፣ ይገደላል። ግጥሚያው ራሱ አይታይም። እኛም እንደ ማት ጭብጨባውን ብቻ እንሰማለን። የኮሚክ አንባቢዎች ክሪል ከጊዜ በኋላ የነካውን ነገር ባሕርይ የሚወርስ ኃይለኛ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ለሌላው ሰው ግን ስም ብቻ ነው፣ ባያውቅም የሚጎድለው የለም።

የማት ጓደኛና የጥብቅና አጋር የፎጊ፣ እንዲሁም አብራቸው የምትሠራው የካረን ታሪክ ቀለል ያለ ነው። ካረን በራሷ አፓርታማ ጥቃት ከደረሰባት ወዲህ ቤቷ መግባት ፈርታለች፣ ፎጊም ሲያጠጣት ያመሻል። ሰክረው የማትን በር ሲደበድቡና ሲጠሩት እሱ ሌላ ቦታ ከሞት ጋር ይታገላል። ያዝናናል። ከዚያ በላይ ሥራ አልተሰጠውም።

አሁን ወደ ኮሪደሩ። ጠባብ ነው፣ አሮጌ ነው፣ መብራቱ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነው። ካሜራው መጀመሪያ የሚከተለው ለተጠለፈው ልጅ ምግብ የሚወስደውን ሰው ነው። ሰውየው መጨረሻ ያለው ክፍል ገብቶ ይወጣል፣ ካሜራውም አብሮት ይመለሳል። ማት ይገባል። ከዚያ በኋላ ሦስት ደቂቃ ገደማ ምንም ሳይቆረጥ ይደባደባሉ። ካሜራው ክፍሎቹ ውስጥ አይገባም። ኮሪደሩ ላይ ቀርቶ እየዞረ ይጠብቃል። ስለዚህ ግማሹን ድብድብ የምናውቀው በድምፅ ብቻ ነው፤ በር ይንኳኳል፣ ዕቃ ይሰበራል፣ ማይክሮዌቭ በበሩ ተወርውሮ ወጥቶ ከአንዱ ጋር ይላተማል። ስለ ዓይነ ስውር ጀግና የሚያወራ ድራማ ላይ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ተመልካቹ ዓይኑን ሲነፈግ ጆሮውን ማቅናት ይጀምራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ድካሙን ነው። የወደቁት ሰዎች ወድቀው አይቀሩም፣ እያነከሱ ተመልሰው ይመጣሉ። ማት ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል፣ ቡጢው ይዝላል፣ አንዳንዱ ምት ከመምታት ይልቅ ሰውየው ላይ መውደቅ ይመስላል። ለነገሩ ከሰዓታት በፊት ሳንባው ተወግቶ የተነሳ ሰው ነው። የአባቱን ቦክስ ያየ ሰው ይህን አደባደብ ከየት እንዳመጣው አይጠይቅም። ሁሉም ከተዘረረ በኋላ በሩን ከፍቶ ልጁን አቅፎ፣ በወደቁት መሃል አልፎ ይወጣል።

ድብድቡን ያቀናበረው የስታንት፣ ማለትም የአደገኛ ትዕይንቶች፣ አስተባባሪው ፊሊፕ ሲልቬራ ነው። ኮክስ እና የስታንት ተተኪው ክሪስ ብሩስተር ካሜራው ሳይቆም ነው የሚቀያየሩት፤ አንዱ በር ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። የሚለብሰው ጥቁር ልብስ ዓይንን ጭምር የሚሸፍን ጭምብል ስላለው መቀያየሩ አያስታውቅም። ታዋቂው ቀይ ልብስ የሚመጣው በሲዝኑ መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት በ2003 ከወጣው የኮሪያ ፊልም «ኦልድቦይ» የኮሪደር ድብድብ ጋር ያወዳድረዋል። ዝምድናው ግልጽ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ድራማው ሲለቀቅ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በቃል የሚገልጽ፣ ለዓይነ ስውራን የሚሆን የትረካ ድምፅ አልነበረውም። ስለ ዓይነ ስውር ሰው ተሠርቶ ዓይነ ስውር ሊከታተለው የማይችል ድራማ! ቅሬታ ተነሳ፣ ኔትፍሊክስም በቀናት ውስጥ፣ ኤፕሪል 14፣ የትረካ ድምፅ አገልግሎት መጀመሩን አሳወቀ። የመጀመሪያው ሥራም ዴርዴቭል ሆነ።

ከዚያ በኋላ የኮሪደሩ ነገር ልማድ ሆነ። በሁለተኛው ሲዝን ድብድቡ በደረጃ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሦስተኛው ደግሞ እስር ቤት ውስጥ 11 ደቂቃ ገደማ ሳይቆረጥ ይሄዳል። በቴክኒክ የእስር ቤቱ ይበልጣል፤ ቢሆንም እየበለጡ መሄድ ራሱ ዓላማ የሆነ ይመስላል። ክሌር ደግሞ ከዚህ ክፍል ተነስታ በ«ጄሲካ ጆንስ»፣ በ«ሉክ ኬጅ» እና በ«አይረን ፊስት» እየተዘዋወረች የእነዚህ ድራማዎች ሁሉ ማገናኛ ሆነች።

ኔትፍሊክስ ድራማውን በ2018 ከሦስት ሲዝን በኋላ አቋረጠው። ከ2022 ጀምሮ ዲዝኒ ፕላስ ላይ ይገኛል፤ በ2025 ደግሞ ኮክስ በ«ዴርዴቭል፦ ቦርን አጌን» ተመልሷል። «ከት ማን»ን ለማየት የፈለገ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍል ቀድሞ ይይ፣ አለዚያ የልጁ ጠለፋ አይገባውም። ልጆች ባሉበት ግን አይከፈት፤ የጣሪያው ትዕይንት እንኳን ለልጅ ለአዋቂም ይከብዳል።