ለድሬዳዋ ቤት የሚበጅ ነፃ የዲዛይን ሶፍትዌር ምንድን ነው?

ነፃ የቤት ዲዛይን ሶፍትዌር ገንዘብ ሳይከፈልበት ፕላን ለመሣል፣ ግድግዳ ለማቆም፣ በርና መስኮት ለማስገባትና ቤቱን ከየአቅጣጫው ለማየት የሚያገለግል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከአካባቢው ጋር የሚስማማ፣ ያለ ኤሲ የሚኖርበት ቤት ለማቀድ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ የቦታውን ፀሐይ ማወቅ አለበት። ሶፋና መጋረጃ አሳምሮ የሚያሳይ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ የማያሳይ ከሆነ ግን ለድሬዳዋ ቤት አይረባም።

ምርጫው ከፈቃዱ ይጀምራል። ስዊት ሆም ስሪዲ፣ ፍሪካድ እና ብሌንደር ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ጊዜ አያልቅባቸውም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ነፃው ስኬችአፕ በብሮውዘር ብቻ የሚከፈት ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ተጨማሪ መሣሪያዎችንም አይቀበልም። ለተማሪ በነፃ የሚሰጡት ትላልቅ ፕሮግራሞች ለትምህርት እንጂ ለገቢ ሥራ የተፈቀዱ አይደሉም። በፍላሽ የሚዞረው "ክራክ" ቫይረሱን ይዞ ስለሚመጣ ከነአካቴው ይቅር።

አሁን ወደ ፀሐይዋ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ 7 አካባቢ እስከ ነሐሴ 22 አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈው "ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ አዙሩ" የሚለው ምክር ሙቀት ለማስገባት የታሰበ ነው፤ እዚህ ጉዳዩ ተቃራኒው ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 14 ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን 76 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለምትሆን 30 ሳ.ሜ የወጣ ክፈፍ ቁመቱ 120 ሳ.ሜ የሆነ የሰሜን መስኮት ሙሉ በሙሉ ያጠላል። ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ደግሞ በደቡብ ወደ 57 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ለዚያው ቁመት 80 ሳ.ሜ ክፈፍ ያስፈልጋል። ሁለቱም ልኮች ክፈፉ ከመስኮቱ አናት ጋር እኩል ሲሆን ነው የሚሠሩት። ችግሩ ምዕራብ ነው። መጋቢት 12 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትሆን ያንኑ መስኮት ለማጥላት 1.75 ሜትር ገደማ መውጣት ይጠይቃል። ይህን ያህል ክፈፍ የሚሠራ የለም፤ ያ በረንዳ ነው። በምዕራብ በኩል የሚሻለው ዕቃ ቤት፣ መታጠቢያ ወይም ደረጃ ማድረግ፣ መስኮቱን ማሳነስና ቦታ ካለ ኒም መትከል ነው። የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማስተኛት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ይህን በሥዕል ለመፈተን ቀላሉ ስዊት ሆም ስሪዲ ነው፤ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕም ይሄዳል። አንድ መስመር ሳይሣል በፊት ግን ነባሪ ልኮቹን መቀየር ይገባል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የግድግዳ ውፍረት 7.5 ሳ.ሜ ነው፤ የእኛ ባለ 20 ብሎኬት በሁለቱም በኩል 2 ሳ.ሜ ሲለሰን 24 ይሆናል። በ7.5 የተሣለ ክፍል መሐል ለመሐል 4 ሜትር ቢሆን ውስጡ 3.92 ሜትር ይመስላል፤ ሲሠራ ግን 3.76 ነው። ቁም ሣጥኑ አልገባ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ኮምፓሱን በሁለት ክሊክ ከፍቶ ላቲትዩድ 9.6 ሰሜን፣ ሎንጊትዩድ 41.85 ምሥራቅ፣ የሰዓት ክልሉን ደግሞ አዲስ አበባ ማድረግ። ከዚያ የሰሜን ቀስቱን በመሬቱ አቅጣጫ ማዞር። የስልክ ኮምፓስ በቆርቆሮ አጥርና በብረት በር አጠገብ ይስታል፤ የሳተላይት ምስል ላይ መንገዱን ወይም አጥሩን አይቶ ማመሳከር ይሻላል።

ጣሪያ የሚሠራ የራሱ መሣሪያ የለውም። ለጥላ ፈተና ግን መላ አለ፦ አዲስ ፎቅ ጨምሮ በላዩ ከግድግዳው 80 ሳ.ሜ የሚያልፍ አንድ ትልቅ "ክፍል" መሣል። የዚያ ክፍል ወለል እንደ ጣሪያ ሆኖ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ፎቶ ማውጫውን ከፍቶ ከጥራት ደረጃዎቹ ከሁለቱ ከፍተኞች አንዱን መምረጥ፤ የፀሐይ ጥላ የሚወጣው በእነሱ ነው። ለጁን 21 እና ለዲሴምበር 21፣ በ9:00 እና በ16:00፣ በድምሩ አራት ፎቶ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው፤ ፕሮግራሙ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። ከቀኑ 10 ሰዓት ለማለት 10:00 ብለው ከጻፉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆንና የምዕራቡ ግድግዳ በጥላ ተሸፍኖ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ልብ የሚያሳርፍ ሐሰተኛ ሥዕል ይወጣል።

ጥላን አየን እንጂ ሙቀትን አልለካንም። ስዊት ሆም ስሪዲ ሙቀት አያሰላም፤ ለዚያ የተሠራው ኢነርጂፕላስ ነው፣ በነፃ የሚገኝ። እሱ ራሱ ሥዕል ስለማይሥል ኦፕንስቱዲዮ በሚባለው ፕሮግራም በኩል መጠቀም ይቀላል፤ የራሱ የፕላን መሣያ አለው። የዓመቱን 8,760 ሰዓት አንድ በአንድ አስልቶ የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት ይሰጣል። ከበድ ይላል፤ ለማጥናት ትዕግሥት ለሌለው ሰው የጥላው ፈተና ብቻ ይበቃዋል ብለን እናምናለን።

ለሚደፍር ግን ውጤቱን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የአየር ንብረት ፋይሉ፣ ማለትም የቦታውን የየሰዓቱን ሙቀትና ፀሐይ የያዘው ፋይል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችውን የአዲስ አበባን ፋይል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ድሬዳዋ መስጠት ቤቱ ማሞቂያ ይፈልጋል እስከማስባል ይደርሳል። የድሬዳዋም ፋይል ለሐረር አይሆንም፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይለያያል፣ ያ ማለት በአማካይ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሌላው ዕቃው ነው። ተዘጋጅተው የሚመጡት ግድግዳዎችና ጣሪያዎች ውስጣቸው ሙቀት መከላከያ የተሞላ የአሜሪካ ቤት ናቸው። እነሱን አውጥቶ የራስን ማስገባት ግድ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ባለ 20 ብሎኬት ሙቀት የመከላከል አቅሙ (R-value) በሜትር ልኬት 0.2 m²K/W ገደማ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። የጣሪያው ቀለም የሚገባበት ቁጥርም አለ፤ ካልነኩት 0.7 ነው፣ ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል 70 በመቶውን ይመጥጣል ማለት ነው። አዲስ ነጭ ቀለም 0.3 አካባቢ ነው። ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት ከተማ ከየትኛውም ግድግዳ ይልቅ ጣሪያው ስለሚግል ይህችን አንዲት ቁጥር ለውጦ ሁለቴ ማስላት ብዙ ያስተምራል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚያስወጣ ክፍተት መተው ያለውንም ጥቅም እንዲሁ ማየት ይቻላል።

መስኮት ሌላ ጉድ አለው። ፕሮግራሙ "ክፍት" ሲባል ሙሉውን ክፍት ይቆጥራል። ተንሸራታች መስኮት ግን የሚከፈተው ግማሹ ነው፤ የወባ ትንኝ ባለበት ከተማ ወንፊት ደግሞ ግድ ስለሆነ ከግማሹም ይቀንሳል። ከመስኮቱ ስፋት ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ አየር ያስገባል ብሎ መሙላት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ኤሲ ለማይኖረው ቤት ማቀዝቀዣውን ከስሌቱ አጥፍቶ ክፍሉ በዓመት ስንት ሰዓት ከ30 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን ማየት ነው፤ ሁለት ፕላን የሚወዳደረው በዚህ ነው።

የዝናብ ውኃ ሶፍትዌር አይፈልግም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 100 ካሬ ጣሪያ፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 20 በመቶው ይባክናል ቢባል 48,000 ሊትር። ለሶላር ደግሞ ፒቪጂስ የተባለው የአውሮፓ ኮሚሽን ነፃ ድረ ገጽ አፍሪካን ይሸፍናል።

በሐረር ጁገል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይለያል። ግንቡ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ዋናው ሥራ አዲስ መሣል ሳይሆን ያለውን መለካት ነው። የጥንቱ የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ማዕዘኑም ሁልጊዜ 90 ዲግሪ አይሆንም፤ ስለዚህ ከአራቱ ጎን በተጨማሪ ሰያፉንም መለካት ያስፈልጋል።

ፍሪካድ የሚመጣው ቤቱ እውነት ሊሠራ ሲል ነው። በኅዳር 2017 ከወጣው 1.0 ጀምሮ የሕንፃ ሥራው ክፍል አብሮት ይመጣል፤ ግድግዳው ሲቀየር የቁረጥ ሥዕሉም (ሴክሽኑም) የካሬ ልኩም አብሮ ይቀየራል፣ ብሎኬት ለመቁጠር ይመቻል። ስዊት ሆም ስሪዲ አርክቴክቶች የሚሠሩበትን ዲደብሊውጂ ፋይል አያወጣም፤ ፍሪካድም ለዚያ ተጨማሪ መቀየሪያ ይፈልጋል፣ ሌሎች የሥዕል ፕሮግራሞችም የሚከፍቱትን ዲኤክስኤፍ ፋይል ግን ይሰጣል። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበውን ፕላን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚፈርመው። ዲኤክስኤፉን ከአራቱ የጥላ ፎቶዎች ጋር ማስረከብና ባለሙያው ፋይሉን ሲከፍት አንድ የታወቀ ግድግዳ ለክቶ ቁጥሩን እንዲያረጋግጥ መንገር ይበቃል፤ ሚሊ ሜትር ወደ ሜትር ሳይቀየር ከገባ ቤቱ አንድ ሺህ ጊዜ ተልቆ ይከፈታል።