የአሮጌ መኪና የውስጥ ብሎኖች በባሕር ዳር

የውስጥ ብሎን የሚባለው የበር ፓኔሉን፣ የክንድ መደገፊያውን፣ የፀሐይ መከላከያውን፣ የጣራውን ልብስና ክሩስኮቱን የሚይዘው ትንሽ ብረት ሁሉ ነው። ዳዶው፣ ሮንዴላውና የሞላ ክሊፑም አብረው ይቆጠራሉ። ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ ሰው ሞተሩን አስጠግኖ፣ ቀለሙን አስቀብቶ ሲያበቃ የሚቸገረው በእነዚህ ነው።

ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፤ አራቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ልካቸውን ማየት ግን ከሌላ ቦታ ነው የተማርነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ዛሬም «ፖሊ» እንለዋለን። ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎቹ መካከል የግብርና መካኒክስ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ፣ የእንጨት ሥራና የጨርቃ ጨርቅ ይገኙበታል። የከተማችን ልጅ ብሎንን በግምት ሳይሆን ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር ማየት የለመደው ከፖሊ ነው ብል አላፍርም። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

መረጃው የሞላው የቮልስ ነው። ቢትል የምትባለው ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ ሐምሌ 2003 ተመርታለች። ብዛቷ 21,529,464 ደርሷል። በፋብሪካው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የመደበኛ ብሎኖች ቁጥር በ«ኤን» ፊደል ይጀምራል። ልካቸው ዲን የሚባለውን የጀርመን ደረጃ የተከተለ ነው። ጭንቅላቱ ጎበጥ ያለ፣ ከሥሩ ሾጠጥ ያለ፣ ላሜራ ላይ ራሱ ጥርስ እያወጣ የሚገባ ብሎን አለ። አናቱ ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካለው ዲን 7973 ነው፤ መስቀል ካለው ዲን 7983። ከላይ ሲታዩ ስንጥቁ ብቻ ነው የሚለያቸው። ነገር ግን የቀደሙት ቮልሶች ላይ የሚበዛው ቀጥ ያለው ነው። በዚያ ዘመን መኪና ላይ መስቀሉን ያየ አዋቂ ብሎኑ እንደተቀየረ ወዲያው ያውቃል።

የበሩ ፓኔል ደግሞ በብሎን ብቻ አይያዝም። ከጀርባው፣ በተጠቀጠቀው ካርቶን ዙሪያ የሞላ ክሊፖች ተሰክተዋል። ጥጉን ይዘው ቀስ ብለው ሲስቡት «ጠቅ፣ ጠቅ» እያሉ አንድ በአንድ ይለቃሉ። የባሕር ዳር ችግር እዚህ ይጀምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም። ውሃው በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። ካርቶኑ ይርሳል፣ ያብጣል፣ የክሊፑ ቀዳዳ ይበሰብሳል። የጣና ውሃ ጨው የለውም። ስለዚህ ብረቱ እንደ ወደብ ከተማ ቶሎ አይበላም። የአባቴን ቮልስ በር ስከፍት ክሊፖቹ ዝገው ነበር እንጂ አንዱም አልተሰበረም። ካርቶኑ ግን እጄ ላይ እንደ ራሰ እንጀራ ተቆረሰ። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ የጎደለውን ብሎን በረጅም የቆርቆሮ ብሎን ተክቶት ነበር። ጫፉ መስታወቱን ሲቧጭር ኖሯል። ጭረቱ ዛሬም አለ።

ላንድሮቨር ላይ ነገሩ ይከብዳል። የድሮዎቹ ሲሪስ ላንድሮቨሮች ልካቸው የእንግሊዝ ነው። ከትንንሾቹ ብሎኖች ብዙዎቹ 2ቢኤ ወይም 10ዩኤንኤፍ በሚባሉ የጥርስ ልኮች የተሠሩ ናቸው። 2ቢኤ ውፍረቱ 4.7 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.81 ነው። 10ዩኤንኤፍ 4.83 በ0.79 ነው። ሱቅ የሚሸጠው የሚሊ ሜትር ብሎን፣ ኤም 5 ደግሞ 5 በ0.8። ሦስቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ኤም 5ቱን ዩኤንኤፍ ዳዶ ላይ ሲሞክሩት ጫፉ ይይዝና ይጠብቃል። ብዙ ሰው ያኔ ካቻቪቴ አንስቶ ይገፋዋል፤ የዳዶው ጥርስ እዚያው ያልቃል። በእጅ የማይዞር ብሎን በፍጹም መገፋት የለበትም። ተለቅ ያሉት ብሎኖች ጭንቅላት ላይ የተያያዙ ትንንሽ ክቦች ከታዩ ዩኤንኤፍ ወይም ዘመዱ ዩኤንሲ ነው።

የጃፓን መኪኖች ብሎኖች በሚሊ ሜትር ናቸው፤ የቁልፋቸው ቁጥር ግን ከጀርመኑ ይለያል። ኤም 8 ብሎን በጀርመኑ 13 ቁልፍ፣ በጃፓኑ 12 ቁልፍ ይፈታል። የመስቀል ብሎናቸው አናት ላይ ትንሽ ነጥብ ካለ የጃፓን ልክ ካቻቪቴ ይፈልጋል። በሌላ ከተፈታ እየተንሸራተተ መስቀሉን ይበላዋል።

ፍለጋው ከመኪናው ከራሱ ይጀምራል። ከወንበር ሥርና ከምንጣፍ ታች የወደቀ ብሎን አይጠፋም። ቀጥሎ የቆዩ ጋራዦች ጣሳ ነው። ጋሼዎቹ የፈቱትን አይጥሉም፤ በኒዶ ጣሳ ያጠራቅሙታል። ናሙና ይዞ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ገልብጦ መልቀም ነው። ቆራሌው ጋም አሮጌ በር ከተገኘ ከነክሊፑ ይገዛል። ካልሆነ አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ፎቶ ብቻ በቴሌግራም መላክ አይበቃም። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ ማንሳት ያስፈልጋል። የባጃጅ ብሎን ኤም 5 እና ኤም 6 ቦታ ላይ ይገባል፤ ጭንቅላቱ ግን ሌላ ነው።

የማይዝግ ስቴንለስ መጠቀም ያከራክራል። ለዝናብ አገር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው ይገባኛል። ኦሪጅናል ግን አይደለም።

ጨርሶ ሲታጣ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ጥርሱ ያልተበላ አንድ ናሙና ይዞ መሄድ ግድ ነው። አሥር የሚያስፈልገው ሰው አሥራ ሁለት ቢያሠራ፣ ሁለቱ ለሚቀጥለው ቮልስ ጣሳ ውስጥ ይቀመጣሉ።